የፊተኛው ጎማ

ቂመኛ ነኝ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁና በኋላ "እንዲህ መሆንህን መች ነገርከን?" እንዳትሉኝ። ሰው ሲበድለኝ አልጮህም፣ አልሳደብም፤ እጨብጠዋለሁ፣ ሻይ እጋብዘዋለሁ፣ የቤተሰቡን ጤና እጠይቀዋለሁ። በሆዴ ግን አስቀምጠዋለሁ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "ሰለሞን ቂምን እንደ ቅቤ አንጥሮ ነው የሚያኖረው፤ ዓመት ቢቆይ አይበላሽበትም" ትል ነበር። ይህን የምነግራችሁን ያደረግኩት ቂሜ ስምንት ዓመት ከሞላው በኋላ ነው።

ያን ጊዜ የምኖረው ሞያሌ ነበር፣ በኬንያው በኩል። ዘመኑ የደርግ ነው። ከኬላው ወዲያ ያለው አገሬ የማልመለስበት ሆኖብኝ፣ ማንያታ ሰፈር ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ዳስ ሥር ብስክሌት እየጠገንኩ አምስት ዓመት ኖሬያለሁ። በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም። "ፉንዲ" ነው የሚሉኝ፤ በስዋሂሊ ባለሙያ ማለት ነው። የማድረው አዮ ዲራሙ የሚባሉ የቦረና እናት ግቢ ነው። ተሻግሬ የመጣሁ ቀን ወባ ጥሎኝ በራቸው ላይ ብወድቅ፣ ማን ነህ ከየት ነህ ሳይሉ አንስተው ወተት ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው። "አዮ" እናት ማለት ነው፤ እኔም እንደ ልጃቸው አዮ እላቸዋለሁ። ገልገሎ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ትምህርት ቤት የሚያስተምር፣ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ወደዚያ ሁለት ሰዓት ወደዚህ በእግሩ የሚመላለስ ሰው ነው። አንድ ጣሪያ ሥር ነው የምንተኛው። ወንድም አልነበረኝም፤ እሱ ሆነልኝ።

አሁን ወደ ጠላቴ። ታምራት ይባላል። ሁለታችንም የአዋሳ ልጆች ነን፤ ሐይቁ ውስጥ አብረን ዋኝተን ያደግን፣ አብረንም የብስክሌት ተወዳዳሪ የሆንን። ክፍለ ሀገሩን የሚወክለው ሰው በሚመረጥበት ውድድር ላይ እኔ ቀድሜ ስመራ፣ ጥቁር ውሃ ድልድይ አጠገብ ካቴናዬ ወለቀና ጎማው ውስጥ ተጠመጠመ። ከዚያ የማስታውሰው አስፋልቱን ብቻ ነው። መንጋጋዬ ተሰበረ፣ ጉልበቴ ተበላሸ፤ ታምራት ተመረጠ። አዲስ አበባ ሄደ፣ ውጭ አገርም ሄደ። ከመሄዱ በፊት ግን ሆስፒታል ሊጠይቀኝ ብርቱካን ይዞ መጥቶ ነበር። ብርቱካን! መንጋጋው ለተሰበረ ሰው! ከወራት በኋላ የቡድናችን መካኒክ ቤቴ መጥቶ፣ "ያን ቀን ጠዋት ታምራት መፍቻ ይዞ ብስክሌትህ ላይ ተጎንብሶ አይቼዋለሁ፤ የኋላ ጎማህን ዳዶ ሲነካካ" አለኝ። አስቀመጥኩት።

እና አንድ ቀን ጠዋት፣ ዳሴ ሥር ቁጭ ብዬ ካላማዳሪ ስለጥፍ፣ ጥላ መጥቶ ቆመብኝ። ቀና ብል ታምራት!

"ሰሌ? በስመ አብ! አንተ ሰሌ ነህ?"

"እኔው ነኝ" አልኩት። "ግባ እንጂ፣ ምን ፀሐይ ላይ ያቆምሃል?"

ከስቷል፣ ጫማው ተቀዷል። አዲስ አበባ ላይ ነገር ገብቶበት ሸሽቶ የመጣ ነው። ወደ ናይሮቢ የሚወስደው የከባድ መኪና ሾፌር እስኪመለስ ሁለት ሳምንት ይጠብቃል። ሻይ አስመጣሁለት፣ ማንዳዚ የሚሉትን ጥብስ ዳቦም ጨመርኩለት።

"ጉልበትህ እንዴት ሆነ?" አለኝ እየበላ።

"ብርድ ሲሆን ብቻ ነው የሚጠዘጥዘኝ።"

"ታዲያ ሞያሌ ምን ብርድ አለ! ተገላገልክ በለኛ!" ብሎ ሳቀ።

እኔም አብሬው ሳቅኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው እንዲያው ለማለት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰውየው ረስቶታል! እኔ በግራ በኩል ሥጋ ማኘክ ያቃተኝ ሰው ፊቱ ቁጭ ብዬ እሱ ማንዳዚውን በሁለቱም በኩል ያመነዥካል። እጄ መፍቻው ላይ ነበር፤ ግን እዚያው ራሱን ብፈነክተው የሚገኘው እስር ቤት ነው። ጊዜ ይመጣል አልኩ። መጣም።

መንገድ የሚሠራው ድርጅት መሐንዲስ፣ ሚስተር ያን የምንለው ረጅም ፈረንጅ፣ አገሩ ሄዶ ሲመለስ አዲስ እብደት ይዞ መጣ። ሰው መጀመሪያ ይዋኛል፣ ከውሃው ወጥቶ ብስክሌት ይነዳል፣ ከብስክሌቱ ወርዶ ይሮጣል፤ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ። ሞያሌ ውስጥ ዋና! ሰዉ ውሃ በጄሪካን እየቀዳ የሚኖርበት አገር! ነገር ግን ያን ዓመት ዝናቡ ጥሩ ስለነበር መንገድ ሠሪዎቹ አፈር ያወጡበት ትልቅ ጉድጓድ ሞልቶ ኩሬ ሆኗል። መዋኘት የማይችል ኩሬውን ሦስት ጊዜ በሩጫ ይዙር ተባለ። ብስክሌቱን ድርጅቱ ያውሳል፤ ሰባት ጥቁር የቻይና ብስክሌት፣ ሰባቱም አንድ ዓይነት፣ እንደ መንታ የማይለዩ። ያሸነፈ የነዳውን ይወስዳል።

ገልገሎ ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። "ፉንዲ ወንድሜ፣ ብስክሌት ካገኘሁ እኮ በአንድ ሰዓት ትምህርት ቤት እገባለሁ! አዮም ጠዋት ጠዋት 'ጅብ በላህ' እያሉ አይጨነቁም" አለኝ። ተመዘገበ። ታምራትም፣ ብስክሌቱን ሸጦ ናይሮቢ ለመግባት፣ ተመዘገበ። እኔ ደግሞ ሚስተር ያን ብስክሌቶቹን እንዳዘጋጅ ሲቀጥረኝ "እኔም እወዳደራለሁ" አልኩት። በዚህ ጉልበቴ እንደማላሸንፍ አውቃለሁ። እኔ የፈለግኩት እዚያ መሆን ነው።

ሚስተር ያን ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን ሰብስቦ አስተማረን። ገልገሎ ነው የሚያስተረጉምለት። ከውሃ ወጥታችሁ ብስክሌት የምትይዙበት፣ ኋላም ብስክሌቱን ጥላችሁ ለሩጫ የምትነሡበት ይህ መለወጫ ቦታ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው ውሃ ውስጥም መንገድ ላይም ሳይሆን እዚህ ነው፤ ዕቃውን ያልሰደረ ሰው ጫማውን ሲፈልግ ሌላው ይሄድበታል አለ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጆንያ መሬት ላይ ተነጠፈ። ጫማህን አፉን ከፍተህ፣ ክሩን አላልተህ፣ ምላሱን ወደ ውጭ ስበህ ታስቀምጣለህ። እርጥብ እግር ጫማ እንዳይዝበት ውስጡ ዱቄት ትነሰንሳለህ። ካልሲህን እስከ ጣቱ ጠቅልለህ ጫማው ላይ ትተዋለህ። የእኛ አገር መሬት ደግሞ እሾህ ስለሆነ፣ ከውሃው በባዶ እግር የመጣ ሰው ጭቃውንና እሾሁን የሚያራግፍበት ውሃ የሞላ ሱፉሪያ፣ ማለት ብረት ድስት፣ ከጆንያው ፊት ይቀመጣል። ይህ የእኔ ሐሳብ ነበር፤ ሚስተር ያን በጣም ወደደልኝ። ብስክሌቶቹ በሁለት እንጨት መሃል በተጋደመ አጣና ላይ በኮርቻቸው ይሰቀላሉ፣ የካርቶን ቁጥር መሪያቸው ላይ ይታሰራል። ሁለት ቁጥር ገልገሎ፣ አራት እኔ፣ አምስት ታምራት። ጎን ለጎን! የሰደረን ሚስተር ያን ነው፤ እኔ አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቀድሜያቸው ሄድኩ። ዕቃ የሚጠብቁት ኦቦ ጃርሶ የሚባሉ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው መፋቂያቸውን ያኝካሉ። ትንሽ ቆይቶ ሌሎቹም እየመጡ ጆንያ ጆንያቸው ላይ ተንበርክከው ዕቃቸውን ይሰድሩ ጀመር። እኔ መፍቻዬን ይዤ ከአንዱ ብስክሌት ወደ አንዱ እያለፍኩ ፍሬን እሞክራለሁ፣ ጎማ እነፋለሁ፣ ዳዶ አጠብቃለሁ። አምስት ቁጥር ላይ ስደርስ ታምራት አጠገቤ ተንበርክኮ ጫማው ውስጥ ዱቄት ይነሰንስ ነበር።

"እየው እስኪ ሰሌ፣ ካልሲዬን እንዲህ ነው የምጠቀልለው?"

"ትንሽ ወደ ጣቱ አድርገው" አልኩት።

እሱ ካልሲውን ሲጠቀልል እኔ ዳዶውን ፈታሁ። የፊተኛውን ጎማ፣ ግራና ቀኙን፣ በጣት እስኪዞር ድረስ። እንዲያውም ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ! መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ወደ ዳበል አቅጣጫ ከኩሬው ተነሥቶ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ለጥ ያለ ጠጠር ነው፣ ከዚያ ቁልቁለት ይጀምራል። ለጥ ባለው ላይ ጎማው ይወላገዳል እንጂ አይወልቅም። ቁልቁለቱ ላይ ነው የሚወልቀው። ቁልቁለቱን አስቤው ነበር። በአእምሮዬ ታምራት በግንባሩ ሲሄድ አይቼዋለሁ፤ ብርቱካን ይዤ ልጠይቀው ስሄድም አይቻለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ ግን ያን ጠዋት ወደ ኩሬው ስወርድ "እግዚአብሔር ሆይ ቁልቁለቱ ድረስ አድርስልኝ" ብዬ ጸለይኩ።

ሚስተር ያን ፊሽካውን ነፍቶ መኪናው ውስጥ ዘሎ ገባና መዞሪያው ላይ ውሃ ሊያቀብለን ከቁልቁለቱ ታች ወዳለው ሜዳ ቀድሞ ሄደ። አምስቱ ኩሬውን መዞር ጀመሩ። ውሃው ውስጥ የገባነው ሁለታችን ብቻ ነን። ዳር የቆመው ሰው "ዓሣዎቹ! ዓሣዎቹ!" እያለ ይጮሃል። ውሃው እንደ ወተት ሻይ የደፈረሰ፣ የከብት ሽታ ያለው ነው። ታምራት በቀኜ በኩል ይቀዝፋል፤ ክንዱ ሲነሣ እየታየኝ "ዋኝ፣ ዋኝ፣ ቶሎ ድረስ" እለዋለሁ በልቤ።

ከእሱ ትንሽ ቀድሜ ወጣሁ። እየሮጥኩ መለወጫው ጋ ደረስኩና ክው ብዬ ቀረሁ። አጣናው ባዶ ነው። ጆንያዎቹ አሉ፣ ጫማዎቹ አሉ፣ ብስክሌት የለም! ዞር ስል ሃያ እርምጃ ያህል ወዲያ፣ ግራሩ ጥላ ሥር፣ ብስክሌቶቹ እንደ ከብት ተጠጋግተው ቆመዋል። ስድስት ናቸው።

"ኦቦ ጃርሶ! ማን ነው ያነሣቸው?"

"እኔ ነኛ!" አሉ ሽማግሌው በኩራት። "ፀሐይ መጣ እኮ። 'ጎማ ፀሐይ ላይ ከዋለ ማስቲሹ ይቀልጣል' እያልክ ሰፈሩን ሁሉ ስትሰድብ የኖርከው አንተ አይደለህ? እኔን ራሴን ሰድበኸኛል።"

እውነት ነው፣ ሰድቤያቸዋለሁ። ሞያሌ ውስጥ ብስክሌት ያለው ሁሉ ከጥላ ጥላ እየተከተለ እንዲያዞር ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

"ቁጥሮቹስ? ካርቶኖቹስ የት አሉ?"

"እሱን ፍየል በላው። ምን ላድርግ፣ አንዱን ሳባርር አንዷ ትመጣለች። ደግሞ ምን ቸገረህ፣ ሁሉም አንድ ነው። ገልገሎም ዙሩን ጨርሶ ሲመጣ 'የቱ ነው የእኔ?' አለኝ፤ 'ሁሉም አንድ ነው' ብዬው ዳር ያለውን ይዞ ሄደ።"

መጀመሪያ ያሰብኩት ራሴን ነው፤ አልዋሻችሁም። የላላውን እኔ እንዳልነዳ ብዬ ተንበርክኬ የፊት ዳዶዎቹን በጣቴ መሞከር ጀመርኩ። የመጀመሪያው ጥብቅ ነው። ሁለተኛው ጥብቅ። ሦስተኛው፣ አራተኛው ጥብቅ። አምስተኛውም ጥብቅ። ስድስተኛውን ሁለት ጊዜ ሞከርኩት፤ ጥብቅ ነው፣ በራሴ እጅ ያጠበቅኩት።

እግዚኦ! ገልገሎ!

ቀና ብዬ መንገዱን አየሁ። አቧራው ሩቅ ነው። መኪና የለም፤ መኪናው ሚስተር ያን ጋ ነው። ሌሎቹ ሯጮች ገና ኩሬውን ይዞራሉ፣ ብስክሌት መንዳታቸውንም እንጃ። እኔ በዚህ ጉልበቴ ገልገሎን በአራት ኪሎ ሜትር ውስጥ ልደርስበት? የማይሆን ነገር ነው። እዚያ አገር ሊደርስበት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ጆንያው ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን ከሱፉሪያው አውጥቶ ካልሲውን እየዘረጋ ነው።

ያቺን ሃያ እርምጃ እንዴት እንደሄድኳት አላውቅም። ስምንት ዓመት ያኖርኩትን ነገር በገዛ አፌ ልነግረው ነው። ብነግረው ሊያሳስረኝ ይችላል፤ ሊስቅብኝም ይችላል። ባልነግረው ደግሞ የአዮ ዲራሙ ልጅ ይሞታል።

"ታምራት!"

"ምንድን ነው? ብስክሌቶቹን የት ወሰዷቸው?"

"የአንተን ብስክሌት አላልቼው ነበር። ጠዋት፣ አጠገብህ ሆኜ። ተቀያይሮ ገልገሎ ይዞት ሄዷል። ቁልቁለቱ ጋ ሳይደርስ ድረስበት። እኔ አልችልም። እባክህ።"

አንድ ጫማ አጥልቋል፣ አንዱ እጁ ላይ ነው። አየኝ። እንደዚያ መታየትን ለጠላቴም አልመኝም።

"የትኛውን ጎማ?" አለኝ።

"የፊቱን።"

"የፊቱን?"

"አዎ፣ የፊቱን!"

እጁ ላይ ያለውን ጫማ ወረወረና በአንድ እግሩ ካልሲ፣ በአንዱ ጫማ ሆኖ ወደ ግራሩ ሮጠ፤ ከስድስቱ አንዱን ነጥቆ ሄደ። ተመልካቹ በስዋሂሊ ፍጠን ለማለት "ሃራካ! ሃራካ!" እያለ አጨበጨበለት፤ ለሽልማቱ የሚበር መስሎታል። እኔም በባዶ እግሬ አንዱን ይዤ ተከተልኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ያየሁት ከሩቅ ነው። ታምራት ያ ድሮ የማውቀው ታምራት ሆነ፤ ጀርባው ዝርግ፣ አንገቱ ወደ ውስጥ፣ ያ የከበደ የጭነት ብስክሌት ከሥሩ ይቀላል። በየሜትሩ እየራቀኝ ሄደ። ጉልበቴ መጮህ ጀመረ፤ እኔም እጮሃለሁ፣ ማን ይስማኝ! መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ሁለቱም ይታዩኛል። ገልገሎ ዞር ብሎ አየና ከኋላው የሚመጣውን ሲያይ ሳቀ መሰለኝ፤ ከኮርቻው ተነሥቶ ባለ በሌለ ኃይሉ መርገጥ ጀመረ። ሊቀድመኝ ነው ብሎ ነዋ! ታምራት "ቁም! ቁም!" ይላል። ገልገሎ አማርኛ ይሰማል፤ ግን ውድድር ላይ ቁም ቢሉት የሚቆም ማን ነው? እኔም አልቆምም።

ቁልቁለቱ አፍ ላይ ታምራት ጎኑ ደረሰ። እጁን ሰዶ የገልገሎን ሸሚዝ ከጀርባው ጨመደደና፣ የራሱን ብስክሌት ሆን ብሎ ወደ እሱ አጋደመው። ሁለቱም ተያይዘው ከመንገዱ ወጥተው የግራር ቁጥቋጦ ውስጥ ገቡ። አቧራ ብቻ ሆነ። ከአቧራው ውስጥ አንድ ጎማ ብቻውን ወጣ። ወደ ቁልቁለቱ ተንከባለለ፣ ፈጠነ፣ ድንጋይ ነክቶ ዘለለ፣ እንደገና ዘለለ፣ ታች አለቱ ጋ ተላትሞ ቆመ። እኔ ብስክሌቴን አቁሜ ያንን ጎማ እያየሁ ቀረሁ።

ስደርስ ገልገሎ ታምራትን ደረቱ ላይ ተቀምጦ ይመታዋል። "አንተ ቀማኛ! ሸፍጠኛ!" ታምራት አይከላከልም፤ በአንድ እጁ ብቻ ወደ ብስክሌቱ ያመለክታል። ገልገሎ ዞር ብሎ የፊቱን ጎማ የሚይዘውን ባዶ ሹካ አየ። ጎማ የለም። ቁልቁለቱን አየ። ከደረቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

"እንዴት አወቅክ?" አለው።

"ከኋላህ ሳይህ ይወላገድ ነበር" አለ ታምራት። ይህን ሲል እኔን አላየኝም።

ገልገሎ ወደ እኔ ዞረ። "ፉንዲ፣ አንተ አልነበርክ እንዴ ያጠበቅከው?"

አፌን ከፈትኩ። ታምራት ቀደመኝ፤ "የቻይና ዳዶ ነው፣ ንቅናቄ አይችልም" አለ።

የታምራት የትከሻው አጥንት ተሰብሯል፤ ከቆዳው ሥር ጉብ ብሎ ይታያል። ገልገሎ ተቧጥጦ ደም በደም ቢሆንም እግሩ ደህና ነው፤ ሚስተር ያንን ከነመኪናው ሊያመጣ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደ። ሁለታችን ብቻ ቀረን። እኔ እሾህ ከክንዱ እነቅልለት ጀመር።

"አዋሳ ያደረግኩትን ታውቅ ነበር ለካ" አለኝ።

"አውቅ ነበር።"

"ማንዳዚውን ስታበላኝም?"

"ያኔም።"

ጥርሱን ነክሶ ትከሻውን ያዘ። "የኋላህን ነው ያላላሁት። ካቴናህ ወልቆ ወርደህ ስታስተካክል እንድትዘገይ። መቅደም ነበር የፈለግኩት፣ ሌላ አላሰብኩም። መንጋጋህን ሳይ ሦስት ቀን ምግብ አልበላሁም። ልነግርህ ብርቱካን ይዤ መጣሁ፣ አቃተኝና ብርቱካኑን ትቼ ወጣሁ።" ቀና ብሎ አየኝና፣ "አንተ ግን የፊቱን" አለኝ። "ቁልቁለቱን አስበህ ነው?"

"አዎ።"

"እንግዲህ" አለና ክንዱን መልሶ ዘረጋልኝ።

ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። ማንኛውም መካኒክ የሚያውቀውን ነው የነገረኝ። የኋላ ጎማ ቢላላ ሰው ይዘገያል፣ ቢበዛ ይወድቃል። የፊት ጎማ ግን ሰው ይገድላል። እኔ ያንን የማላውቅ ሰው አይደለሁም፤ ስለማውቅ ነው የመረጥኩት። ስምንት ዓመት "ገዳይ" እያልኩ በሆዴ የያዝኩት ሰው አጭበርባሪ ሆኖ ተገኘ፤ ገዳዩ እዚያ መንገድ ዳር እሾህ የሚነቅለው ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ክሊኒክ ትከሻው ታስሮለት አዮ ዲራሙ ግቢ ወሰድነው። አዮ ፍየል አሳርደው፣ ልጃቸውን ያዳነውን እንግዳ በራሳቸው ምንጣፍ ላይ አስቀምጠው፣ በእጃቸው ወተት ሰጡት። ጎረቤት ሞልቷል። ከዚያ ተነሥተው በኦሮምኛ መመረቅ ጀመሩ፤ ታምራት ኦሮምኛ ብዙም አይሰማም፤ "ፉንዲ፣ ልጄ፣ አስረዳልኝ" አሉኝ። ቆሜ ማስተርጎም ጀመርኩ።

"ከብትህ ይርባ፣ መንገድህ ይቅና ይላሉ። እናትህ በሰላም ታግኝህ ይላሉ።"

"አሜን" ይላል ታምራት።

ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። የገልገሎ ብስክሌት በእኔ እጅ የጠበቀ መሆኑን ለጎረቤቱ ሁሉ ተናገሩ። "የዚህ የልጄ እጅ አይሳሳትም" አሉ፣ ትከሻዬን ይዘው። "እንግዲያው ያንን ብረት የነካ ሌላ ክፉ እጅ አለ። ያ እጅ ይድረቅ። የሚበላው አያጥግበው፣ የሚተኛበት አይድላው፣ የዘራው አይብቀልለት።" ጎረቤቱ እየተቀበለ አብሮ ይረግማል። እኔ ደርቄ ቆምኩ። ልብስ ለብሼ ራቁቴን የሆንኩ ያህል ነው የተሰማኝ።

"አስረዳው እንጂ" አሉኝ አዮ።

"ይላሉ..." አልኩ። "ያንን ያደረገውን ሰው..."

ታምራት ባልተጎዳው እጁ እጄን ያዘኝ። ነገሩ ከሰዎቹ ገጽታ ገብቶታል። "ሰሌ፣ ምርቃቱን ብቻ ተርጉምልኝ" አለኝ ቀስ ብሎ። "የቀረውን ተወው።"

በሦስተኛው ቀን ሾፌሩ መጣና ታምራት ትከሻው እንደታሰረ ወደ ደቡብ ሄደ። ለማንም አልተናገረም። ጠላቴ ምስጢሬን ይዞልኝ ሄደ፤ ከዚህ የባሰ ምን ያደርገኛል? ቂሜንም ይዞብኝ ሄደ። እስከ ዛሬ ይቅር ብዬው እንደሆን አላውቅም፤ የምጠላበት ነገር ነው ያጣሁት። አንባቢ ሆይ፣ በሆድህ ያኖርከው ነገር ካለ አውጥተህ እየው፤ በደሉ ባለበት ቆሞ የአንተ ቂም ብቻ አድጎ እንዳይሆን። የእኔ አድጎ ነበር፤ በበደሉ ልክ ሰፍሬ የያዝኩ እየመሰለኝ።

ታምራት የሄደ ዕለት ማታ መብላት አቃተኝ፤ እርግማኑ ሠራ መሰለኝ። በማግስቱ ጠዋት አዮ ፍየሎቹን ሲያወጡ አጥሩ ሥር ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አዋሳውንም፣ ዳዶውንም፣ ቁልቁለቱንም። ገልገሎ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። አዮ እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ውጣ ይሉኛል ብዬ ልብሴን ጠቅልዬ ነበር የመጣሁት።

ጥቅልሉን አዩት። "መልሰህ አስገባው" አሉኝ። "ልጄ ብዬሃለሁ፤ ልጅ አይባረርም። ግን ከዛሬ ጀምሮ የገልገሎን ብስክሌት አንተ አታጠብቅለትም።"

ሚስተር ያን ለገልገሎ ያቺን ብስክሌት አዲስ የፊት ጎማ አስገብቶ ሰጥቶት ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰባት ዓመት አብረን ኖርን። ከተማው ሁሉ ብስክሌቱን እኔ ጋ ያመጣል። ገልገሎ ግን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ከመሣሪያ ሣጥኔ መፍቻ ይወስድና፣ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሻዬን እየጠጣሁ፣ የፊት ጎማውን ዳዶ ራሱ ያጠብቃል። ከዚያ መፍቻውን በጨርቅ ጠርጎ ይመልስልኛል፤ "አመሰግናለሁ ወንድሜ" ብሎኝ ይሄዳል።